የሚያርስ ማሽን፣ የማያጭድ ማሽን
የገዳሪፍ ሜዳና የትራክተር ምርጫ ታሪክ

ገዳሪፍን በሐምሌ የጎበኘ ሰው ከተማዋ ስለ ዝናብ ብቻ ስታወራ ይሰማል። ዝናቡ ጥቁሩን አፈር ስንዝር ያህል ካራሰው በኋላ ግን ወሬው ተለውጦ ስለ ማሽን ይሆናል። የማን ትራክተር ወጣ፣ የማን መንገድ ላይ ቆመ፣ የማን ዲስክ ተበልቶ አለቀ፣ የትኛው መካኒክ ከየትኛው ካምቦ ተጠራ እየተባለ በየሻይ ቤቱ ይነገራል። ሰው ተቀምጦበት ሣር የሚያጭደው ማሽን በሌላው ዓለም ለግቢ ማሳመሪያ የሚገዛ የምቾት ዕቃ ነው። በዚህ ሜዳ ግን “ሣሩን ለማስወገድ በምን ማሽን ላይ እንቀመጥ?” የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። የተሰጠውም መልስ የአፈሩን፣ የዛፉን፣ ከድንበር ማዶ የመጣነውንም የእኛን ዕጣ ወስኗል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ከትራክተር በፊት የነበረው መሣሪያ እሳት ነው። ሱዳኖች ሐሪቅ ይሉታል፤ ቃጠሎ ማለት ነው። ነገሩ ግን ዝም ብሎ ክብሪት መጫር አልነበረም። ገበሬው አንዱን መሬት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዓመት ሳይነካው ይተወዋል። ሣሩ ዓመት በዓመት እየበቀለና እየወደቀ እንደ ፍራሽ ይነጠፋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከብት እንዳይገባበት፣ የአላፊ አግዳሚም እሳት እንዳያገኘው ይጠብቀዋል፤ በበጋ የተቃጠለ ሣር ለክረምቱ ሥራ አይተርፍምና። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አዲሱ አረም በፍራሹ መሐል ብቅ ሲል፣ ጥቂት ፀሐያማ ቀናት ይጠብቅና እሳቱን ይለቅበታል። እሳቱ ደረቁን ሣርና እርጥቡን አረም ባንድነት ጠርጎ ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ ሰሉካ በሚባለው የእንጨት መትከያ ጉድጓድ እየበሳ ማሽላውን ይዘራል፤ ብዙም ሳያርም ያመርታል። እኔ በበኩሌ ይህን ዘዴ ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። በዚህ ሜዳ የእርሻ ዋናው ጠላት ሣር መሆኑን የተረዳ፣ ጠላቱንም በራሱ በጠላቱ ማገዶነት ያጠፋ ብልሃት ነው። ጉድለቱ መሬት መብላቱ ነው። አንዱ ማሳ ሲዘራ ሁለትና ሦስት እጥፉ ጦም ማደር አለበት።

ከደጋ የመጣ ሰው “በሬውስ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዋልካው ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ እግር ይዞ አይለቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በበጋ ለሰውም ለከብትም የሚሆን ውሃ በሰፊው ሜዳ ላይ የለም። ከጉድጓድና ከወንዝ የራቀው መሬት የማንም እርሻ ሳይሆን የኖረው ከዚህ የተነሣ ነው። ጥንት በሹክሪያዎቹ መሪዎች በአቡ ሲን ቤተ ሰብ ስም “ሱቅ አቡ ሲን” ይባል የነበረው የገዳሪፍ ገበያም የሚገናኝበት እህል በውሃ አጠገብ የበቀለው ነበር።

ነገሩን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ባቡርና ጦርነት። የባቡሩ ሐዲድ በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ፤ በማግስቱ ዓመት ከሰናር ጋር ተገናኘ። ያን ጊዜ የገዳሪፍ እህል ወደ ባሕርም ወደ ዓባይም የሚሄድበት መንገድ አገኘ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጣሊያን በሐምሌ 1940 ከሰላንና ገላባትን ያዘ፤ በ1941 መጀመሪያ ተመልሶ ተባረረ። በምሥራቅ አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ግን ገና ብዙ ቀለብ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የሱዳን መንግሥት በ1944 ከገዳሪፍ በማይርቀው ገደምበሊያ በተባለው ሜዳ ላይ በማሽን ማሽላ ማምረት ጀመረ። በምሥራቅ ሱዳን የትራክተር እርሻ ልደቱ ይኸው ነው። የውሃውም ችግር በማሽን ተቃለለ፤ በየሜዳው ሐፊር የሚባሉት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ተቆፈሩ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። መንግሥት ትራክተር ሲያስመጣ ከኋላው የሚጎተተውንም መሣሪያ መምረጥ ነበረበት። አፈሩን በጥልቀት የሚገለብጥ ማረሻ ነበር፤ ብዙ ነዳጅ ይበላል፣ ከዋልካ ጋር ሲታገል ይሰበራል፣ ቀኑም ይነጉዳል። ሌላው ደግሞ በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሳሕን የመሰሉ ብረቶች ጎን ለጎን እየተሽከረከሩ የአፈሩን ገጽ የሚፍቁበት ሰፊ ዲስክ ነው። በላዩ ላይ የዘር ሣጥን ስለሚገጠምለት አንድ ጊዜ ሲያልፍ አረሙን ይቆርጣል፣ አፈሩን ይበትናል፣ ዘሩንም ይጥላል። አሸናፊው ይህ ሆነ። እስከ ዛሬም በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ “ዲስክ” ሲባል ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው። በሐሪቅ ጊዜ እሳቱ የሚሠራውን ሥራ ብረቱ ተረከበ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ግን እሳቱ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ሲሆን ብረቱ በየዓመቱ መምጣቱ ነው።

ዲስኩ የዚህ አገር ልጅ አይደለም። የሥጋ ዘመዶቹ በ1920ዎቹ በአሜሪካ የካንሳስ የስንዴ ሜዳ፣ ቆይቶም በካናዳ የታወቁ ናቸው። በካንሳስም የተወደደው በዚያው ምክንያት ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ አንድ ሰው ብዙ መሬት እንዲይዝ ያስችላል። በ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ አፈሩ እንደ ዱቄት ልሞ ስለ ነበር ነፋስ አንሥቶ ወሰደው፤ ሰማዩን ያጨለመው የአቧራ ማዕበል የዓለም ወሬ ሆነ። ለዚያ ጥፋት ከተወቀሱት መሣሪያዎች አንዱ የዲስኩ ዘመድ ነው። ገደምበሊያ ላይ ትራክተር ሲነሣ ይህ ሁሉ ከሆነ አሥር ዓመት አልሞላውም። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ግን የሚያየው የዘንድሮን ቀለብ ነው።

የመጀመሪያው ውጥን መንግሥት በትራክተር ሊያርስና ሊዘራ፣ ትንንሽ ድርሻ የተሰጣቸው ገበሬዎች ሊያርሙና ሊያጭዱ፣ ምርቱንም ሊካፈሉ ነበር። ማሽኑ ድርሻውን በጊዜው ይጨርሳል፤ እጅ ግን አይደርስም። የአረምና የአጨዳ ሰው እጥረት ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የእቅዱ ራስ ምታት ሆነ። ቀጥሎ መንግሥት በቅጥር ሠራተኛ ራሱ ለማረስ ሞከረ፤ አላዋጣውም። በ1954 ዘዴው ተለወጠና መሬቱ በአንድ ሺህ ፈዳን እየተሸነሸነ ትራክተር መግዛት ለሚችሉ ባለ ገንዘቦች ይከራይ ጀመር። አንድ ሺህ ፈዳን 420 ሄክታር ነው፤ ከጎጃም ወይም ከወሎ ለመጣ ሰው እጅግ ሰፊ መሬት። አብዛኛው ተከራይ የከተማ ነጋዴ ስለ ነበር እርሻውን ለወኪል አስረክቦ ገበያው ላይ ይቀመጣል። በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ሲቋቋምና የዓለም ባንክ ብድር ሲጨመርበት ሜዳው በፍጥነት ሰፋ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1960ዎቹ የተሠራው፣ መቶ ሺህ ቶን የሚይዘው የገዳሪፍ የእህል ጎተራ የዚያ ዘመን ተስፋ ሐውልት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ብናደርግ የታሪኩ ቋጠሮ ይፈታልናል። ሦስት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ዲስክ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በአንድ ሰዓት አምስት ፈዳን ያህል ያርሳል፤ ይዘራልም። በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ አርባ ፈዳን ነው። አንድ ሾፌር፣ አንድ ረዳት፣ አንድ ትራክተር፤ በሃያ አምስት ቀን አንድ ሺሑ ፈዳን አለቀ። አሁን ያ ሁሉ ሰሊጥ ነው እንበል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ፈዳን ቢያጭድ ለአንድ ሺሑ ሁለት ሺህ የሰው ቀን ያስፈልጋል። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ በሁለት ሳምንት ካልተነሣ ይረግፋል። ስለዚህ ያ አንድ ሾፌር የዘራውን ለመሰብሰብ አንድ መቶ አርባ ሦስት ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳያርፍ ጎንበስ ማለት አለበት። ይህ ለአንድ ይዞታ ነው፤ ሜዳው ላይ ያሉት ይዞታዎች ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ።

ማሽን ሰውን ከሥራ ያፈናቅላል ይባላል። በገዳሪፍ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የሚያርሰው ማሽን መጥቶ የሚያጭደው ስላልመጣ፣ ትራክተሩ ራሱ የሰው ጠሪ ሆነ። ከምዕራብ ሱዳን፣ ከናይጄሪያና ከቻድ አቅጣጫ፣ ከድንበሩም ማዶ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ማጭድ የያዘ ሰው በየዓመቱ ጎረፈ። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የመጣንበትን ምክንያት ስንጠየቅ ጦርነትን፣ ድርቅን፣ የ1967 ዓ.ም.ን የመሬት አዋጅ ተከትሎ የመጣውን ግርግር እናነሣለን። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ሸሽቶ የመጣው ሰው ካምቦ ውስጥ እንጀራ ያገኘው በ1944 የተመረጠው ዲስክ እጅ የሚፈልግ ዲስክ ስለ ነበር መሆኑን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ሑመራም በ1960ዎቹ በሰሊጥ ስትበለጽግ የተከተለችው ይህንኑ ስልት ነው፤ ዲስክ ለመዝራት፣ ማጭድ ለመሰብሰብ። ቋንቋው እንኳ ድንበር አያውቅም፤ ካምቦ፣ ወኪል፣ ዲስክ በሁለቱም ወገን አንድ ናቸው። በመተማና በሑመራ ከእርሻ እርሻ እየዞረ ቆላውን ቤቱ ያደረገው ሠራተኛ ሳሉግ ይባላል። ለአጨዳ ብቻ ከደጋ ወርዶ የሚመለሰውን ደግሞ ሐበሻ ይሉታል፤ ባዩም ተባዩም ሐበሻ ሆኖ ሳለ ነው እንግዲህ!

ለምን ግን ሰሊጥን የሚያጭድ ማሽን ዝም ብሎ አይገዛም? ይህን ጥያቄ ከከተማ ሰው ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መልሱ ያለው በተክሉ ባሕርይ ላይ ነው። ሰሊጥ ከታች ወደ ላይ እያበበ ይሄዳል። የታችኛው ፍሬ ሲደርስ ጫፉ ላይ ገና አበባ ሊኖር ይችላል። የደረሰው ቆባ ደግሞ ሲደርቅ ከአናቱ ተሰንጥቆ ይከፈታል፤ ዘሩም በነፋስ እንኳ ይረግፋል። የስንዴ ኮምባይነር በደረቀ ሰሊጥ መሐል ቢገባ፣ ማሽኑ ገና ሳይቆርጠው በመምታቱ ብቻ አብዛኛው ፍሬ መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ አጫጁ ተክሉ ወደ ቢጫነት ሲያዘነብል፣ ቆባው ሳይከፈት፣ በርጥብነቱ ያጭደዋል። ነዶ ያስረዋል፤ ነዶዎቹንም አናታቸውን ወደ ሰማይ አድርጎ አንዱን ባንዱ ላይ አስደግፎ ሂላ ያቆመዋል። ቆባው እዚያው ቆሞ ይደርቃል፣ ይከፈታል፤ አፉ ወደ ላይ ስለሆነ ዘሩ አይፈስም። ከዚያ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ይህ ሁሉ ዓይን፣ እጅና ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ነው። አንድ ቀን ቢዘገዩ ባለ ሀብቱ ይከስራል፤ አንድ ቀን ቢቀድሙ ፍሬው ጮርቃ ይሆናል። ማጭድ ያዡ ስለ ዋጋው ሲከራከር አቅም የሚያገኘው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ወገን ያውቀዋል።

ማሽላውም ቢሆን ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ነው። ኮምባይነር የመጣለት ቢሆንም ለረጅም ዘመን የሠራው እንደ መውቂያ ቆሞ ነው፤ ራሱ በሰው እጅ ተቆርጦ ይከመራል፣ ማሽኑ ክምሩ አጠገብ ቆሞ ይጎርሰዋል። ረጃጅሙ የአገር ማሽላ ለተንቀሳቃሽ ኮምባይነር አይመችምና።

የአጫጁ ዋጋ በብር ብቻ የሚቆጠር አልነበረም። ስንጥቅ ያለው ዋልካና የጣልሕ ዛፍ ባሉበት ቦታ ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። በአትባራና በረሐድ ወንዞች አካባቢ፣ በሑመራና በመተማም ሜዳ ላይ ማታ የሚተኛው የደጋ ሰው ሰውነቱ በሽታውን ለምዶት አያውቅም። በ1970ዎቹ በሑመራ በሠራተኞች መሐል የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ በሕክምና ታሪክ የተመዘገበ ነው። ወባውን ሳንቆጥር ማለት ነው። ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ ከስቶ ወደ ደጋ የተመለሰውን ስንቱን ሰው “ቆላ በላው” ተብሎ ታልፏል።

መሬቱም የራሱን ዋጋ ከፍሏል። ዲስኩ የሚፍቀው ጥልቀት ከዓመት ዓመት አንድ ስለሆነ ከሥሩ አፈሩ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ላዩ ግን ይልማል። ትራክተር እንዲያልፍ ሲባል የሙጫው ዛፍ ሐሻብና ጣልሑ በሰንሰለት ተነቀለ። በሕጉ መሬቱ በየተራ ማረፍ ነበረበት፤ በ1989 የወጣው የደን ሕግም በዝናብ የሚለማ እርሻ ከመሬቱ አሥር በመቶውን ለዛፍ እንዲተው ያዛል። ሆኖም ወኪሉ የሚጠየቀው በዘንድሮ ጆንያ ቁጥር ነው። ማሽላ በማሽላ ላይ ሲዘራ ደግሞ የሥሩ ጥገኛ አረም ተንሰራፋ። እኛ አቀንጭራ የምንለውን ይህን አረም ሱዳኖች ምን እንደሚሉት አንባቢ ያውቃል? ቡዳ! ከሥር ሆኖ የሰውን ማሽላ የሚበላውን ተክል በዚህ ስም መጥራታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ከእኛው የተወሰደ መስሎኝ ነበር። ቃሉ ከየት እንደመጣ የቋንቋ ሊቃውንት ይፍረዱ፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ለቡዳው መድኃኒት ከፈለጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ደስ ያሰኛል። በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በሱዳን ለኢክሪሳት ሲሠሩ ያዳቀሉት “ሐጂን ዱራ 1” የተባለው ማሽላ በ1983 ለገበሬ ቀረበ። ኋላም በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጡ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ማሽን አስመጪው ሁሉ ትራክተሩን ሲያገላብጥ እሳቸው ዘሩን ማየታቸው ነው ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር።

በ1970ዎቹ ሱዳን የዐረቡ ዓለም የዳቦ ቅርጫት ትሆናለች ተብሎ የነዳጅ ገንዘብ ሲፈስ፣ የዐረብ የእርሻ ኢንቨስትመንትና ልማት ባለሥልጣን በ1976 ተቋቋመ። ቅርጫቱ ሳይሞላ የ1984–85 ረኀብ ደረሰ። ይኸው ተቋም ቆይቶ በደማዚን አካባቢ በአጋዲ ያስፋፋው ዘዴ ዲስኩን ጨርሶ ያስቀረ ነው። ሣሩ በፀረ አረም መድኃኒት ይደርቃል፤ ዘሩም ባልታረሰ መሬት ላይ በልዩ መዝሪያ ይገባል። ከእሳት ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ መርዝ መሆኑ ነው። ባለ አንድ ሺህ ፈዳኑ ገበሬ ግን መዝሪያውን ሲገዛ መለዋወጫ አያገኝለትም፣ የሚጠግነውም ሩቅ ነው። ማሲ ፈርጉሰን በዚህ አገር የትራክተር ሁሉ ስም እስኪመስል ድረስ የተለመደው ከሌላው ስለሚበረታ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ እየወረደ ሲሰበር መለዋወጫው በገበያ፣ የሚያውቀው መካኒክ በሠፈር ስለሚገኝ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት እርሻዎች በደርግ ዘመን በሶቪየቱ ቤላሩስ ትራክተር ላይ ተማምነው ኋላ መለዋወጫ ሲጠፋ የደረሰባቸውን ያየ ይህን ይፈርዳል።

የሰሊጡም ነገር ባለበት አልቆመም። በ1943፣ ማለትም ገደምበሊያ ከመታረሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በቬኔዝዌላ ላንግሃም የተባለ ተመራማሪ ቆባው የማይከፈት የሰሊጥ ተክል አገኘ። ከዚያ ግኝት ተነሥቶ በአሜሪካ ለኮምባይነር የሚመች፣ ዘሩን ይዞ የሚደርቅ ሰሊጥ እስኪገኝ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል፤ ዛሬ በቴክሳስና በኦክላሆማ ያለ ማጭድ ይሰበሰባል። ሁለቱ ዓመታት እንዲህ መቀራረባቸው ያስገርመኛል። አንዱ ፈጠራ ሰውን ወደ ሜዳው ሲጠራ፣ ሌላው በሩቅ አገር በጸጥታ የሚያሰናብተውን ዘር ያበቅል ነበር።

በኅዳር 2020 ከሑመራና ከማይካድራ አቅጣጫ በሐምዳየት በኩል የተሻገረው ሕዝብ ቤቱን ጥሎ የወጣው ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ነበር፤ በ1980ዎቹ ስደተኛ የተቀበለው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጉዞው ተገላበጠና ብዙ ኢትዮጵያውያን በገላባት ወደ መተማ ተመለሱ። በታኅሣሥ 2023 መደኒ ስትያዝ ገዳሪፍ የካርቱምንና የጀዚራን ተፈናቃይ ታቅፋ ነበር። ሜዳው ላይ ግን ተፈናቃይ መብዛቱና አጫጅ መኖሩ አንድ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ባለ ሱቁ ሰሊጥን በየትኛው ቀን እንደሚያጭዱት፣ ሂላውን ነፋስ እንዳይጥለው እንዴት እንደሚያቆሙት አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ሳሉጉ ነው፤ እሱም ወይ ድንበር ተሻግሯል፣ ወይ የመንገዱን ደኅንነት እየጠየቀ ነው።

ስለዚህ ባለ ዲስኩ ዛሬም ሲያሰላ የሚያየው ያንኑ አሮጌ ቁጥር ነው። ለአንድ ሺህ ፈዳን አንድ ሾፌር፤ ለዚያው ሺህ ፈዳን አንድ መቶ አርባ ሦስት ማጭድ። የማይከፈተውን ዘር ቢያስመጣ ማጨጃ ማሽን ይጠይቀዋል፤ ማሽኑ መለዋወጫ፣ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ፣ ምንዛሪው ሰላም ይጠይቃል። ነዶ እየቆረጠ የሚያስረውን ቀለል ያለ ማሽን ቢመርጥ አጫጁን ቀንሶ ሂላ አቋሚውን ያስቀራል፤ መቶ አርባ ሦስቱን ምናልባት ወደ ሠላሳና አርባ ያወርደው ይሆናል። ለባለ ሀብቱ ይህ መካከለኛ መንገድ ይመስላል። ከጎጃም ወጥቶ መተማ ላይ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ መኪና ለሚጠብቀው ልጅ ግን ልዩነቱ የመቶ ሰው እንጀራ ነው። ያ ልጅ የሚያውቀው ሰሊጡ ቢጫ መሆን የሚጀምርበትን ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት።